የምዘላት መስመር

ጌታ ይባረክ ወገኖች። የእኔ ምስክርነት ከበሽታ ስለ መፈወስ ወይም ቪዛ ስለ ማግኘት አይደለም። እንዲህ ያለውን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ አሜንም እላለሁ። የእኔ ግን አንድን ሰው አምርሬ ስጠላ ኖሬ ጌታ እንዴት እንደገላገለኝ ነው። ነገሩ ብዙ ዓመት ስለፈጀ መድረክ ላይ በአምስት ደቂቃ አያልቅም። ስለዚህ ልጻፈው።

ያደግኩት ናዝሬት ነው፤ የዛሬዋ አዳማ። ቤተሰባችን ከሜኖናይት ሚስዮን የተነሣችው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ የመሠረተ ክርስቶስ ምእመን ነበር። የሜኖናይት ሚስዮናውያን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እዚያው ከተማችን ስለነበር፣ ሰፈራችን ውስጥ አማኝ አይጠፋም። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ሕንጻዎቿን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። የገባኝ እሁድ እሁድ የምንሄድበት ቦታ መጥፋቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጸሎቱ ቤት ገባ። ሰዎች አምስት አምስት እየሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ዘግየት እያለ ይመጣሉ። ረከቦት ይቀርባል፤ ቡና ይፈላል። ድንገት ሰው ከገባ ቡና እየጠጣን ነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። እስከ ዛሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስዘምር ትንሽ ይጨንቀኛል።

አባቴ ከታወቁት መሪዎች አንዱ አልነበረም። የሰፈራችንን ትንሽ ኅብረት ነበር የሚመራው። አንድ ምሽት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱት። ማን እንደጠቆመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ቀበሌ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ ገንፎ ያገነፋችው የእሱ ሚስት ነበረች።

ስንቅ ማመላለስ የእኔና የእናቴ ሥራ ሆነ። በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ አንድ ሽቦ ነበረችው። ወረቀት የተደበቀ እንደሆነ ብሎ የሁሉንም ሰው ምሳ ዕቃ በዚያችው ሽቦ ያማስላል። ከዚያ «ቅመሺ» ይለኛል። ሽሯችን ውስጥ የሌላ ቤት ወጥ ቃሪያ ይገኝበታል። እቀምሳለሁ። ባዶው ዕቃ ከተመለሰ አባቴ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ዘበኛው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ስንቁን መልሱት» አለን። ይህ በዚያ ዘመን እስረኛው ተገድሏል ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። በማግስቱ ሲጣራ ለካ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሮ ነው። ያቺ ሌሊት ግን አለፈች ብላችሁ አታልፍም። ያን ጎረቤታችንን የጠላሁት ያን ሌሊት ነው።

አባቴ ከዓመት በላይ ታስሮ ተፈታ። ከስቷል፤ ሳቁ ግን እንዳለ ነው። ሰውየውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለዋል። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ኋላ የሰውየው የበኩር ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ላይ ሞተ። መርዶው በተነገረ ማለዳ የእድሩን ድንኳን ከሚተክሉት አንዱ አባቴ ነበር። እስከ ሠልስቱ እዚያው አደረ። በጣም ተናደድኩ።

«አባዬ፣ ያደረገህን ረሳኸው እንዴ?» አልኩት።

«አልረሳሁም የኔ ልጅ። ልጅ እኮ ሞቶበታል።»

ሌላ አልጨመረም። አባቴ ስብከት ላይ እምብዛም ነበር።

በ1983 ደርግ ወደቀ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በይፋ ተከፈተች። ስትዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበሩት ምእመናን ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ያ ሁሉ ሰው በየቡናው ላይ የተገኘ ነው! እኔም መዘምራን ገባሁ። ጌታን እወደዋለሁ። «አባታችን ሆይ» ሲባል ግን «እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋ ላይ አፌ ይዘጋል። እሷን ዘልዬ ቀጣዩ ላይ እቀላቀላለሁ። ማንም አያውቅብኝም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ለወህኒ ቤት አገልግሎት ሰው ሲፈለግ ልቤ ይመታል። «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋል» የሚለው ሲነበብ የተጠራሁት እኔ እንደሆንኩ ይሰማኛል። «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ በቀር የፈለግከውን እዘዘኝ» እለዋለሁ። የሽቦዋ ነገር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ሲያርፍ ሰውየው በምርኩዝ እየተደገፈ ለቅሶ መጣ። ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አስመሳይ፣ አልኩ በሆዴ። በዚያው ሰሞን አዳር ጸሎት ነበረን። ሌላው እየጮኸ ይጸልያል፤ እኔ ጥግ ላይ ተንበርክኬ የልቤን ነገርኩት። «ይቅር ማለት አልፈልግም። እንድፈልግ አንተ አድርገኝ።» ጸሎቴ ይኸው ነበር። ራእይ አላየሁም፤ እሳትም አልወረደም። ማለዳ ላይ «አባታችን ሆይ» ሲባል ግን ያቺን መስመር ከሰው ጋር አልኳት። ከአፌ ስትወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ጉብዝናዬ አይደለም፤ ያን ያህል ጎበዝ ብሆን ኖሮ ቀድሜ እላት ነበር።

ሰንበት ብዬ ቡናና ስኳር ይዤ ቤቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አልኩት። ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራኝ። ያለፈውን አላነሳም። ኋላም እየጠየቅኩት ኖርኩ፤ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ነው የሞተው። አልጠበቅኩም ብል ውሸት ነው። እንቅልፌ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰው እንቅልፍ ሆኗል።

ወደ ማረሚያ ቤቱም ያኔ ሄድኩ። ፍተሻው ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ጥበቃዋ «ግቢ እናቴ» አለችኝና አለፍኩ። ሴቶቹ ክፍል ውስጥ ከእናታቸው ጋር የሚያድሩ ሕፃናት አሉ። ጠያቂ የሌላቸው ሴቶችም አሉ፤ የሩቅ አገር ልጆች ናቸው፤ ስንቅ የሚያመጣላቸው የለም። መጽሐፍ ቅዱሴን ከፍቼ ልጀምር ስል አንዷ «ስብከት ሰልችቶኛል፤ ከቻልሽ ፀጉሬን ሥሪልኝ» አለችኝ። ሹሩባ መሥራት ከእናቴ ተምሬያለሁ። ከኋላዋ ተቀምጬ ጀመርኩ። ፊት ለፊት የማይወራ ነገር ፀጉር ሲሠራ ይወራል። እየጎነጎንኩ ሁሉንም ነገረችኝ። ስጨርስ ወረፋ የያዙ ሌሎች ነበሩ።

አገልግሎቴ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ሚዶና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ። ቃሉን የምናነበው ሲጠይቁኝ ነው፤ ደግሞም ይጠይቃሉ።

ያቺ መጀመሪያ ፀጉሯን የሠራሁላት ሴት ገጠር አያቷ ዘንድ የምታድግ ልጅ አለቻት። «ልጄ ይቅር የምትለኝ ይመስልሻል?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት፤ የአባቴንም የእኔንም ታሪክ ነገርኳት። ከዚያ አብረን ደብዳቤ ጻፍን። ይኸን ስጽፍ መልስ ገና አልመጣም። ልጅቷ እንድትጽፍ ጸልዩልን።