ዛፍ ስር ያለውን አትጥረጉት

ጅማ ላይ የበልጉ ዝናብ ጀማምሯል። ከቤታችን ጀርባ ያለው ጓሮ መልኩን የሚቀይረው በዚህ ሰሞን ነው።

ጓሮው ጥላ ነው። ላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከነሱ ስር ቡና፣ ከቡናው ስር ደግሞ ኮረሪማ፣ ጎደሬና ዝንጅብል። ፀሐይ እዚያ የምትገባው ተሸራርፋ ነው። የተከረከመ ሣር የለመደ እንግዳ ሲያየው ጫካ ይመስለዋል፤ ይምሰለው።

ቡናው በጋውን ሙሉ በየአንጓው እንቡጥ ቋጥሮ ዝም ብሎ ይቆያል። የሚጠብቀው ዝናብ ነው። ደህና ዝናብ ከጣለ በኋላ ሳምንት፣ ቢበዛ አስር ቀን ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት በር ስትከፍቱ ጓሮው ነጭ በነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሽታው ደግሞ እስከ ሳሎን ይገባል። ግን በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋል፣ ስለዚህ ያን ሰሞን ለሥራ ከከተማ የወጣ ሰው አመለጠው ማለት ነው። ቀዩን ፍሬ ለማየት እስከ መስከረም፣ ጥቅምት መታገስ የግድ ነው።

ኮረሪማው ሌላ ጉድ ነው። ቅጠሉ የሰው ቁመት ያህላል፣ አበባውን ግን ላይ ላዩን ብትፈልጉ አታገኙትም። ከግንዱ ስር፣ አፈር ላይ ተለጥፎ ነው የሚወጣው። ጎንበስ ያላለ አያየውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፤ መጥረጊያ። እኛ አገር ግቢ ካልተጠረገ ባለቤቱ ሰነፍ ነው ይባላል። ደጁን ጥረጉ፣ አልከራከርም። ዛፍ ስር ያለውን ግን ተዉት! በበጋ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ ማዳበሪያ ይሆናል፤ በተለይ የብርብራው፣ ምክንያቱም ብርብራ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለሆነ ቅጠሉ ናይትሮጅን አለው።

ደግሞ ወፍ ዘራሹ የሚበቅለው እዚያው ውስጥ ነው። ባለፈው ቅጠሉን በእጄ ገለጥ ሳደርግ አንዲት ክር የምታህል የቡና ቡቃያ ፍሬዋን ከነገለፈቷ አናቷ ላይ ተሸክማ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቀድማት የበቀለችው ደግሞ ገለፈቱን ጥላ ሁለት ክብ ቅጠል ዘርግታለች፣ ጠርዛቸው ሞገድ ሞገድ ያለ። እነዚህ ክቦቹ የምናውቀውን የቡና ቅጠል በጭራሽ አይመስሉም፣ ሾጣጣው ከነሱ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው አረም መስሎት የሚነቅላቸው።

ጥላው ሲበዛም ጥሩ አይደለም። ቡናው ቅጠል ብቻ ይሆንና ፍሬው ይሳሳል። ጨርሶ ገላልጦ ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ግን ይብሳል፤ ዛፉ አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራና ቅርንጫፉ ከጫፉ እየደረቀ ይመጣል። እዚሁ ሰፈር ዋንዛውን ለጣውላ የሸጠ ሰው አለ፣ ቡናው አሁን ቢጫ ሆኖ ቆሟል። እኔ የብርብራውን ቅርንጫፍ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ትንሽ አሳስቼ እተወዋለሁ፣ በቃ።

ወፍ ዘራሾቹን ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ጠንከር ሲል፣ ከነአፈራቸው እያነሳሁ ወደ ሳሳው ጥግ አዛውራቸዋለሁ። ከዚያ የሚተርፈውን ጎረቤታችን እማማ ከወዲሁ ይዘውታል። በለውጡ የእንሰት ችግኝ እንደሚሰጡኝ ቃል ገብተዋል።