ቁልቢ ገብርኤል ወንድሜን ከአፋቤት እንዴት እንዳወጣው

ይሄን ምስክርነት ምፅፈው በእማዬ ፈንታ ነው። ስትሳል "ልጄን ካመጣህልኝ ጥላ አስገባለሁ፣ ድንጋይ ተሸክሜ አቀበቱን እወጣለሁ፣ ስራህንም ለሰው እናገራለሁ" ብላ ነበር። ጥላውን አስገብታለች፣ ድንጋዩንም ተሸክማለች፣ መናገሩንም ገንደ ቆሬ ውስጥ እሷ ቡና ላይ ተቀምጣ ያልሰማት ሰው የለም፣ ግን ድሬዳዋ ላልሆነ ሰው አልደረሰም፣ እሷም መፃፍ አትችልም ነበር ነፍሷን ይማረውና። የቀረውን እኔ ልጇ ልጨርስላት።

ዘመኑ ደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ታወጀ፣ አዋጁ ላይ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ሰልጥኖ ሁለት ዓመት አገልግሎ ይመለሳል ይላል። ወረቀት ነዋ። ሰፈር ላይ ግን ለቀበሌው ኮታ ይመጣል፣ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው፣ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅም "በቃህ ሂድ" ሚል የለም። የድሬ ልጆች ኮርኒስ ውስጥ ያድሩ ነበር፣ እስቲ አስቡት በዛ ሙቀት ቆርቆሮ ስር! የቻለ በባቡር ተሸሽጎ ወደ ጅቡቲ ይሾልካል፣ ያልቻለ ደግሞ ማታ ማታ የውሻ ጩኸት በሰማ ቁጥር አጥር ይዘላል።

ጋሼ (ታላቅ ወንድሜ ነው) ማትሪክ ተፈትኖ ውጤት እየጠበቀ ነበር። ከከዚራ ሰፈር ሙሸበክ ሚባለውን ጣፋጭ ገዝቶልኝ ሲመጣ መንገድ ላይ ታፈሰ። ሙሸበኩን ያመጣልኝ አብሮት የነበረው ጓደኛው ነው፣ እሱ ሮጦ አመለጠ፣ ወረቀቱን ጨምድዶ ይዞት ነበር፣ እኔም ልጅ ነኝና በላሁት፣ እማዬ ስታለቅስ እኔ እበላለሁ። የዛኑ ቀን ግቢያችን ውስጥ የምትኖረው ሴትዮም ልጇ ተወሰደ። እሷ ባሏ የሞተባት ናት፣ ያለ እሱ ማንም የላትም። ሁለቱ እናቶች በነጋታው አብረው ነው የተሳሉት፣ ግቢው በር ላይ ቆመው ወደ ቁልቢ አቅጣጫ ዞረው፣ "ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣህ የኛን ሁለት አታጣቸውም" ብለው። ሃጅያ ጎረቤታችን ደግሞ በሯ ላይ ቁጭ ብላ አሚን ትላለች፣ ጅብሪል የኛም ነው ትል ነበር ሁሌ።

እንግዲህ ቁልቢ ለኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፣ ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው በድል ሲመለሱ ያሰሩት ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፣ ዘማች ያላት እናት ሌላ የት ትሂድ።

ጋሼ ሰልጥኖ ወደ ኤርትራ ተላከ፣ ናደው እዝ ሚባለው ውስጥ ገባ። ደብዳቤ ይመጣ ነበር መጀመሪያ ላይ፣ "ደህና ነኝ፣ እናት አገሬን እየጠበቅሁ ነው" ምናምን፣ ሁሉም ደብዳቤ አንድ ሰው ያስፃፈው ነው ሚመስለው። እማዬ እኔን ታስነብበኝና "እስቲ ድገሚው" ትላለች፣ ከዛ ወረቀቱን ታሸተዋለች።

እኛ ጋ ያለው ኑሮ ደግሞ እንዲህ ነበር። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በካርድ። አባዬ ምድር ባቡር ነው ሚሰራው፣ ከደመወዙ ለጦሩ እየተባለ ይቆረጣል። እናቶች በሴቶች ማህበር ተጠርተው ለሰራዊቱ ደረቅ ስንቅ ያዘጋጃሉ፣ ገብስ ይቆላል፣ በሶ ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎ ይጋገራል፣ ካድሬው መሃል ቆሞ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!" ያስብላል። እማዬ እያንዳንዱን ከረጢት ከማሰሯ በፊት በአውራ ጣቷ ታማትብበታለች። አንዱ ካድሬ አይቷት "ምንድነው ምትሰሪው እናት?" ሲላት "ዱቄቱን እያስተካከልኩ ነው ልጄ" አለችው። ለካ የቱ ከረጢት ለሱ እንደሚደርስ ስለማታውቅ ሁሉንም ነው ምትባርከው። (ጋሼ ከተመለሰ በኋላ ይሄን ስንነግረው እየሳቀ "እኛ ጋ ሲደርስ ትል ነበረበት እኮ" አለ። እማዬ ተቀይማው ነበር።)

ከዛ መጋቢት 1980 መጣ። አፋቤት፣ ኤርትራ ውስጥ ናደው እዝ የሰፈረበት ከተማ። የእዙ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ አይኔ በመንግስቱ ትዕዛዝ ከተረሸኑ ገና አንድ ወር ገደማ ነው፣ ሻዕቢያ ናደው እዝን በጥቂት ቀን ውስጥ ደመሰሰው። መንግስት ለቤተሰብ ምንም አልተናገረም። ደብዳቤ ቀጥ አለ፣ በቃ። ሰው በሹክሹክታ ነው ሚያወራው፣ የሻዕቢያ ሬዲዮ የምርኮኛ ስም ይጠራል ይባል ስለነበር አባዬ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያድራል፣ ቢያዝ ታስሮ ነበር። የጋሼን ስም አልሰማም።

በኋላ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ወደ ድሬ ተመለሰ፣ የጋሼ ክፍል ነበር፣ "የተሳፈረበት መኪና ሲቃጠል በአይኔ አይቻለሁ" አለ። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ለመርዶ መጡ። እማዬ በር ላይ ጠበቀቻቸው፣ ነጠላዋን እንኳን አላዘቀዘቀችም። "መኪናው ሲቃጠል ነው ያየው ወይስ ልጄ ሲቃጠል?" አለች። ዝም አሉ። "እንግዲያው ግቡና ቡና ጠጡ፣ እኔ ቤት ልቅሶ የለም" አለቻቸው። ጠጥተው ሄዱ። ሰፈሩ አበደች አለ፣ አንዳንዶቹ ፊት ለፊቷ።

ቤታችን ከዛ በኋላ ለሁለት ተከፈለ ማለት ይቻላል። አባዬ ልጄ ሞቷል ብሎ አምኗል፣ ተዝካሩን እናውጣ ይላል፣ እማዬ ደግሞ ምሳ ላይ የጋሼን ድርሻ እንጀራ አጥፋ መሶብ ውስጥ ታስቀምጣለች። እሷ ታህሣሥ 19 በመጣ ቁጥር በተጨናነቀ አይሱዙ ደንገጎን ወጥታ በላንጌ አድርጋ ቁልቢ ትሄዳለች፣ የድሬ ሰው ብርድ አያውቅም፣ እዛ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ውጪ ታድራለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ከአባዬ ጋር ነበርኩ። እሷን ግን ሚያቆማት አልነበረም።

ግንቦት 1983 መንግስቱ ፈረጠጠ፣ አስመራም አዲስ አበባም ተያዙ። የተበተነ ወታደር አገሩን ሞላው፣ ድሬ ላይ ሁሉ ካፖርት የለበሰ ሰው በየበሩ ዳቦ ይለምናል፣ ትናንት ጀግናው ሰራዊት ሲባል የነበረው ማለት ነው። እማዬ አንዱንም ባዶ እጁን አትሰድም፣ እያንዳንዱን "አፋቤት ነበርክ?" ትላለች።

ሰኔ ላይ ነው፣ ጠዋት። ሃጅያ በር ላይ ሆና ሲያልፍ ያየችውን አንድ አጥንቱ የቀረ ለማኝ ጠርታ ሳንቲም ሰጠችው። ሳንቲሙን ይዞ ቆመ። "ሃጅያ እኔ ነኝ እኮ" አላት። የሃጅያን ጩኸት እስከ ደቻቱ የሰማው ይመስለኛል። እማዬ ከጓዳ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ወጣች፣ አየችው፣ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም፣ "ዘገየህ" ነው ያለችው! መጀመሪያ እልል ያለችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ያቺ ልጇ ያልተመለሰላት ሴትዮ።

አባዬ ግን ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ለካ እማዬ ሳታውቅ ልጄ ሞቷል ብሎ ለቄስ ገንዘብ ሰጥቶ ለጋሼ ፍታት አስደርጎለታል። እስኪሞት ድረስ ስንቀልድበት ኖርን፣ ጋሼ "እኔ ፍታቴ ያለቀልኝ ሰው ነኝ፣ ከእንግዲህ ነፃ ነኝ" ይላል።

አሁን ስለ መኪናው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አላወራም፣ ያወራው ከዓመታት በኋላ ነው። አድ ሽርም ሚባል ጠባብ መተላለፊያ ላይ ታንክና መኪናው ተደርድሮ እያለ ፊት ያለው ተመታ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የኋላው መሄጃ አጣ። እዛ ከመድረሳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ የሐረር ልጅ የሆነ አስር አለቃ የቆሰለ ወታደር ተሸክሞ መጣና "አንተ የድሬ ልጅ፣ ውረድ፣ ለዚህ ቦታ ልቀቅ" አለው። ጋሼ ተሳደበ፣ ግን ወረደ። በእግሩ ከኋላ እየተከተለ እያለ የራሳችን አውሮፕላኖች መጡ፣ የተጣበቀው ታንክና መኪና በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ብለው እዛው ያለውን ሰው ጨምረው ደበደቡት። መኪናው ነደደ። አስር አለቃው ከቁስለኛው ጋር ነበር። ጋሼ ገደል ውስጥ ገብቶ ተረፈ፣ ተማረከ፣ ሦስት ዓመት ሳህል በረሃ ቆየ፣ ሲለቀቁ በእግሩ ዛላምበሳን አልፎ አዲግራት ገባ፣ ከዛ በለመነው መኪና አዲስ አበባ፣ ከዛ በጭነት መኪና ወደኛ።

ቤት የገባበት ቀን 19 ነበር ብዬ ብፅፍ ደስ ባለኝ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ይጠብቃል፣ ግን አልነበረም። መኪናው በቁልቢ በኩል ሲያልፍም ጋሼ ጭነቱ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ቤተክርስቲያኑን እንኳን አላየም። ምስክርነት ስለሆነ ያልሆነውን አልጨምርም።

መንገዱ ሲረጋጋ ሁላችንም ቁልቢ ሄድን። እማዬ አቀበቱን ድንጋይ ተሸክማ ወጣች፣ ጋሼ ልቀበልሽ ቢላት በጭራሽ። ሃጅያ ለሻማ ብላ ብር ልካለች። ጎረቤታችንም መጣች፣ እሷም ጥላ ይዛለች። እማዬ ደነገጠች፣ "የኔ እህት፣ ያንቺ እኮ ገና..." ብላ መጨረስ አቃታት። ሴትዮዋ "እኔ ከገብርኤል ጋር ንግድ አልጀመርኩም" አለቻትና ጥላዋን አስገባች። ለምን የኛ መጣ የሷ ቀረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔ ጋ መልስ የለም፣ ያወቅሁ መስሎ ሚናገር ሰውም አላምንም። እሷ የፀለየችው ከእማዬ ያነሰ አልነበረም፣ አብረው ነው የቆሙት።

ይሄን ፅፌ ለጋሼ በስልክ አነበብኩለት። ፍታቱን አጥፊው ይሆናል ሚለኝ ብዬ ነበር፣ አላለም። "አስር አለቃውንና ቁስለኛውን እንዳታጠፊ፣ ስማቸውን አላውቅም፣ አንባቢው በፀሎቱ ያስባቸው በይልኝ" አለኝ። ይኸው ብያለሁ። የጎረቤታችንንም ልጅ ጨምሩልን።