አራት ራም፣ 6000 ፍጥነት እና አረንጓዴው ነጠብጣብ

የደወሉልኝ የሙሽራዋ እናት ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ስጨፍር ፊቴ ላይ አረንጓዴ ነገር ይታያል፣ ምንድን ነው?» አሉኝ። የሠራሁላቸውን የሠርግ ቪዲዮ ከፈትኩት። እውነታቸውን ነው። እስክስታው ሞቅ ባለበት ቦታ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ትንንሽ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ካሜራው ይሆን ብዬ ዋናውን ፋይል አየሁ፤ ንጹህ ነው። እንደገና ኤክስፖርት አደረግኩት። ከእሳቸው ፊት ላይ ጠፋና ኬክ ሲቆረስ ብቅ አለ።

ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ስህተቱ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ቢመጣ ፋይሉን ወይም ሶፍትዌሩን እጠረጥር ነበር። ቦታ እየቀያየረ ከመጣ ግን ቶሎ መፈተሽ ያለበት ራሙ ነው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል።

ለራሙ ምክንያትም ነበረኝ። መጀመሪያ ሁለት ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር5 የሚባል ራም ነበረኝ፣ በ6000 ፍጥነት (በሴኮንድ 6000 ሚሊዮን የዳታ ዝውውር) ወራት ሙሉ ያለ ችግር ሠርቼበታለሁ። 4ኬ ቪዲዮ ሲበዛ አልበቃ አለኝና እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ያንኑ ሞዴል ሌላ ጥንድ አመጣችልኝ። ሰካሁት። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ሴቲንግ) ገብቼ ኤክስፖን፣ ማለትም ራሙን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስሠራውን ሴቲንግ፣ አበራሁ። ዊንዶውስ 64 ጊጋ አሳየኝ፣ ደስ ብሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ብሮውዘሩ ላይ ታብ በራሱ መዘጋት የጀመረው፣ ዚፕ ፋይል «ተበላሽቷል» ብሎኝ ደግሜ ስሞክረው የሚከፈተው፣ አልፎ አልፎም ብሉ ስክሪን የሚመጣው። መብራት ስለሚቆራረጥ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት አለፍኩት።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 6000 ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ሰው በደንብ አልተነገረውም። ዲዲአር5 ራም ምንም ሳትነኩት አብዛኛውን ጊዜ በ4800 እና በ1.1 ቮልት ነው የሚነሳው። 6000 ራሙ ውስጥ የተጻፈ ሌላ ሴቲንግ ነው፤ ኤኤምዲ ኤክስፖ ይለዋል፣ ኢንቴል ኤክስኤምፒ ይለዋል፣ ቮልቴጁንም ብዙ ጊዜ ወደ 1.35 ያሳድገዋል። ራሙ ያንን ሊችል ይችላል። ግን ራሙን የሚያዘው ክፍል ያለው ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሱ አቅም አለው። ለኤኤምዲ ራይዘን 7000 ሲፒዩዎች በይፋ የተቀመጠው ፍጥነት በሁለት ራም 5200 ነው። አራት ሲሆን 3600 ነው! ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ኦቨርክሎክ ነው፣ አንዱ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም። እኔ አራት ሰክቼ 6000 ነበር የጠየቅኩት።

ወደ ፍተሻው ልሂድ። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ ኤክስፖን አጥፍቼ፣ አራቱንም ራም እንደተሰኩ ማታ ለቀቅኩት። ጠዋት ስነሳ ዜሮ ስህተት። ይሄ ትልቅ ዜና ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ንጹህ ከሆነ ራሙ ራሱ ተበላሽቷል የማለት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ኤክስፖን አብርቼ ደገምኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ቀይ መስመር መጣ፤ ስህተት ማለት ነው። ከዚያ ሌላ። ቁጭ ብዬ አየሁት፣ የስህተቱ አድራሻ፣ ማለትም ራሙ ውስጥ ያለበት ቦታ፣ በየመስመሩ ይለያያል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው ግን አትዝለሉት። ባዮሱን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳደግኩ። ከዚያ ራሞቹን አንድ በአንድ፣ ሁሌ እዚያው ስሎት (መሰኪያ) ላይ፣ በ6000 ፈተንኩ። ሁሉም አለፉ። የድሮውን ጥንድ ብቻ፣ ከዚያ አዲሱን ጥንድ ብቻ፣ ከሲፒዩው ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ። አለፉ። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ማንንም ራም መመለስ አያስፈልግም፣ ፍጥነቱን ነው መቀነስ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ፍጥነት ቀይራችሁ ስታስነሱት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል፣ በተለይ በአራት ራም። ማሽኑ ከራሙ ጋር እየተለማመደ ነው። ገመዱን አትንቀሉ፣ ቡና አፍሉ። በጣም ከቆየና እምቢ ካለ ሲሞስን ክሊር አድርጋችሁ (የባዮሱን ሴቲንግ ደምስሳችሁ) ከመነሻው ትጀምራላችሁ።

ቮልቴጅ ጨምር ያሉኝ ጓደኞች ነበሩ። ትንሽ መጨመር አንዳንዴ ይረዳል፣ ግን ኤስኦሲ የሚባለውን፣ ራሙን ለሚያዘው የሲፒዩ ክፍል የሚሄደውን ቮልቴጅ ከ1.3 በላይ አታስቡት። በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000 ሲፒዩዎች ከተቃጠሉ በኋላ ኤኤምዲ ራሱ ጣሪያውን እዚያ ላይ አቁሞታል። እዚህ አገር ሲፒዩ መተካት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ታውቃላችሁ። እኔ አልነካሁትም።

5600 ሞከርኩ፤ ሜምቴስት አለፈ። ደስ ብሎኝ ዊንዶውስ ገብቼ ቴስትሜም5ን (ዊንዶውስ ውስጥ ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም) ከቪዲዮ ኤክስፖርት ጋር አንድ ላይ ለቀቅኩት፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስህተት ሰጠ። ግራፊክስ ካርዱ ሲሠራ ሙቀቱ ወደ ራሙ ይሄዳል፣ ዲዲአር5 ደግሞ ሲሞቅ ስህተቱ ይበዛል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ማሽን ላይ ብቻ ፈትናችሁ አትመኑ። 5200 ላይ አንድ ሌሊት በሜምቴስት፣ አንድ ቀን ሙሉ ደግሞ በሥራ ላይ አለፈ። እዚያ ተውኩት። በኤክስፖርት ጊዜ ላይ ያመጣው ልዩነት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

«ዲዲአር5 ስህተቱን ራሱ ያርም የለ እንዴ?» የሚለኝ አለ። የሚያርመው ቺፑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ዳታው ከራም ወደ ሲፒዩ ሲጓዝ የሚበላሸውን አያየውም። የእኔም ችግር እዚያው ጉዞ ላይ ይመስለኛል።

በጣም ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከካሜራ ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ የገለበጥኩት ሁሉ ያለፈው በዚህ ራም ውስጥ ነው። ኮፒ ሲደረግ የተበላሸ ፋይል ደግሞ ምንም ምልክት አይሰጥም። ደግነቱ ካርዶቹን ገና አላጠፋኋቸውም ነበር። የሦስት ሠርግ ቀረጻ እንደ አዲስ ገልብጬ ከድሮው ኮፒ ጋር አስተያየሁት። ሁለት ፋይል ላይ ልዩነት አገኘሁ። ሁለቱንም በትክክለኛው ተካሁ፣ የእናትየውን ጭፈራ እንደገና አወጣሁና ፍሬም በፍሬም አየሁት። ንጹህ ነው። ማታውኑ ላኩላቸው።