የዳታቤዝ ቅንብርን ከየሰርቨሩ ወደ አንድ ማከማቻ ማሰባሰብ

ከዳታቤዝ ጋር የሚሠሩት አፕሊኬሽኖቻችን ቅንብር ለረጅም ጊዜ በየሰርቨሩ በተበታተኑ ፋይሎች ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የዳታቤዙ አድራሻ፣ የፖርት ቁጥሩና የግንኙነቶቹ ብዛት በ4 ሰርቨሮች ላይ 4 ጊዜ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል።

ጉዳቱ የገባኝ የግንኙነቶቹን ጣሪያ በየሰርቨሩ ወደ 30 ከፍ ባደረግን ጊዜ ነው። የምንጠቀምበት ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ በነባሪ ቅንብሩ የሚፈቅደው 100 ግንኙነት ሆኖ ሳለ ሰርቨሮቹ በድምሩ 120 ስለጠየቁ፣ መጨረሻ የተነሣው ሰርቨር ደንበኞች በዝተዋል የሚል ስህተት እየደረሰው ቀረ። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ ስህተቱ የሚታየው አራቱን ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ነበር፣ ያነበበ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቅንብሩን ወደ አንድ የጊት (የፋይሎችን ለውጥ መዝግቦ የሚይዝ ሥርዓት) ማከማቻ አዛወርነው። የጋራው እሴት አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ለሙከራና ለዋናው አገልግሎት የሚለያየው በየራሱ ፋይል ይሰፍራል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠም ተመዝግቦ ይቀራል።

የይለፍ ቃል ግን እዚያ አይገባም። ከፋይሉ ቢሰረዝ እንኳ በጊት ታሪክ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ቃሉን ቮልትን በመሰለ የምስጢር ማስቀመጫ አኑረን በማከማቻው ውስጥ የምንጽፈው መጠሪያውን ብቻ ነው። የቅንብሩ ማከማቻ ለጊዜው ባይገኝም አፕሊኬሽኑ እንዲነሣ፣ መጨረሻ ያነበበውን ቅጂ በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ይህን ክፍል መጀመሪያ ትርፍ ሥራ ነው ብዬ ዘልዬው ነበር፤ ማከማቻው ለጥቂት ደቂቃዎች በጠፋበት ዕለት ተመልሼ ጻፍሁት።