ጋቢና ላይፍ ጃኬት

ባሕር ዳር ስመጣ ሁሉም ሰው ስለ በረዶው ይጠይቀኛል። ስለ ውሃው የሚጠይቀኝ የለም። የምኖረው በምዕራብ ኖርዌይ ጠረፍ ነው፤ ሥራዬ የሳልመን ዓሣ እርባታ ላይ። ዓሦቹ የሚያድጉት ባሕሩ ውስጥ በተዘረጋ ትልቅ መረብ ነው። እነሱ ደግሞ «ዛሬ ብርድ ነው» ብለው ቀለብ አይተዉም። ስለዚህ ታኅሣሥም ሆነ ጥር በጀልባ መውጣት ግድ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቅ ያለ ፍሰት ባሕሩ በረዶ እንዳይሆን ያደርገዋል እንጂ አያሞቀውም። በብርዱ ወራት 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣና ግን ዓመቱን ሙሉ 20 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ዘንድሮ ለጥምቀት ስመጣ የአክስቴ ልጅ፣ «እዚያ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ቀስ እያልክ ትደርቃለህ ማለት ነው?» አለኝ። ብርዱ እስኪገድልህ እንኳ ጊዜ አለህ፤ ቀድሞ የሚከዳህ ትንፋሽህ ነው አልኩት።

ሥልጠና ላይ ውሃው ውስጥ አስገብተውናል። በጥር ሌሊት ጠበል የወረደበት ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ቀዝቃዛው ውሃ ደረትህን ሲነካው ሳታስበው አየር ትስባለህ። ከዚያ ቁና ቁና መተንፈስ ነው። ጠበል ቤት ቆመህ ከሆነ ችግር የለውም። አፍህ ከውሃ በታች ከሆነ ግን በዚያች አንድ ትንፋሽ የምትስበው ውሃ ነው። ዋናተኛ የነበረ ሰው ከጀልባው አጠገብ ሰምጦ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጎርደን ጊስብሬክት ይህንን በ3 ቁጥሮች ያስተምራሉ፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽህን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ። ጣቶችህ እየታዘዙህ የምትቆይበት 10 ደቂቃ ገደማ። ከዚያ ሰውነትህ ቀዝቅዞ ራስህን እስክትስት 1 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ መጀመሪያ አትዋኝ፤ ዝም ብለህ ተንሳፈፍ። ትንፋሽህ ሲመለስ፣ ጣትህ ሳይደነዝዝ፣ ጀልባዋ ላይ ለመውጣት ታገል። ብትገለበጥም ጀርባዋ ላይ ውጣ። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። መውጣት ካቃተህ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ሰብስበህ ጠብቅ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍህን ላይፍ ጃኬት ካላደረግክ ግን ያቺ 1 ሰዓት ያንተ አይደለችም።

አለባበሱ ላይ ከአክስቴ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። ሁሌ ጋቢ ታስይዘኛለች። ቤት ውስጥ ከጋቢ የሚበልጥ ነገር የለም፤ እዚያም ሶፋ ላይ ለብሼው ነው የማመሸው። ጀልባ ላይ ግን ጥጥ አይሆንም። ጋቢ የሚያሞቅህ በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሲርስ አየሩ ይወጣና ውሃ ይሞላዋል፤ ይከብዳል፣ ሙቀትህንም ይመጥጣል። ጂንስና የጥጥ ካናቴራም ያው ናቸው። እኛ ከውስጥ የምንለብሰው ስስ የሱፍ ልብስ ነው፤ ሱፍ ረጥቦም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። በላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከሁሉም ውጭ ውሃና ነፋስ የማያስገባ፣ ራሱ የሚንሳፈፍ ሙሉ ልብስ እንደርባለን። ላብም ያረጥባል። ሥራ ሲበዛ አንዱን ድርብ ማውለቅ፣ ስትቆም መልሶ መልበስ ነው።

ስለ አረቄ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የሰፈራችን ሰው ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ አንድ መለኪያ ይልና «ሞቀኝ» ይላል። የሞቀው ቆዳው ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍትና የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከውሃ ለወጣ ሰውም አረቄ አይሰጥም። እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ ማድረቅ፣ መጠቅለል፤ ማሸት የለም። ራሱን ካወቀ ትኩስ ሻይ በስኳር። ያኔ ጋቢው ይምጣ!

ዝግ ክፍል ባለው ጀልባ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ለኩሰው በር የሚዘጉም አሉ። ከሰል ያለበት ቤት ተኝቶ ያልነቃ ሰው ታሪክ የማያውቅ ሐበሻ ስለሌለ፣ ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የሚገድለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እዚያም ሽታ የለውም።

ከጥምቀት በኋላ አክስቴን ይዤ ዘጌ ሄድኩ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ስለሚገቡ ደስ ብሏት ነው የወጣችው። ማለዳ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ባሕሩ ግን ጸጥ ያለ ነበር። ላይፍ ጃኬቶቹ አሉ፤ መቀመጫ ላይ ተነጥፈው። «አንተ፣ ይኼ የሚለበስ አይደለም እንዴ?» አልኩት ነጂውን። «ጋሼ፣ አሁን ምን ያደርጋል? ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ እኔው አድላለሁ» አለኝ ሳቅ ብሎ።

ልጁ ባሕሩን ያውቀዋል። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ጥልቀቱ ግን ትልቁ ቦታ ላይ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው አጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ያነሳል። ችግሩ ግን ማዕበል ከተነሳ በኋላ ሰው ቆሞ ማሰሪያ አይፈልግም፤ የጀልባውን ጠርዝ ነው የሚይዘው። ኖርዌይ ከ2015 ጀምሮ ከ8 ሜትር በሚያንስ ጀልባ ውጭ ላይ ሆኖ የሚጓዝ ሰው ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ በሕግ ያስገደደችው፣ ጀልባው ላይ መኖሩ ብቻ ስለማይበቃ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። «እሺ፣ እርስዎ ይጀምሩ» አለኝ።

ለበስኩ። አክስቴ ጋቢዋን ከስር አድርጋ ጃኬቱን በላዩ ልታስር ስትል አስቆምኳት። ጃኬቱ ከስር፣ በደንብ ታስሮ፤ ጋቢው ከላይ፣ ሳይቋጠር። ውሃ ውስጥ ከገባች ጋቢው መውለቅ አለበት። «አንተ ልጅ፣ ይህን ጋቢ ውሃ ውስጥ ልጥለው?» አለችኝ። ሌላ እገዛልሻለሁ አልኳት። ዋጋውን ነገረችኝ።