ከጥቁሩ ቀለም ሥር

ቅዳሜዬን ሙሉ ከአንድ የመኪና ግሪል (የፊት ፍርግርግ) ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። የአባባ መርሰዲስ ነው፤ በአውሮፓውያን 1976 ለገበያ የወጣው ደብልዩ 123። ከስድስት ዓመት በፊት «ጥቁር ያምርበታል» ብዬ ስፕሬይ የነፋሁበት እኔው ራሴ ነኝ። አባባ ያን ዕለት ምንም አላሉም። ቡናቸውን ጠጥተው ገቡ።

የውስጡን የፕላስቲክ መረብ ከብረቱ ፍሬም ለየሁት፤ ቀለም ማስለቀቂያው ፕላስቲክ ይበላል። ጓንት አጥልቄ፣ ደጅ ነፋስ ባለበት ፍሬሙን ማስለቀቂያ ቀባሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ። በእንጨት ማንኪያ እጀታ ስገፋው ተጠቅልሎ ወረደ፤ ከሥሩ ሰማይ የሚያሳይ ክሮም! (ማንኪያው የወጥ ቤት መሆኑን እናቴ እስካሁን አላወቀችም።)

ጎረቤቴ የብረት ብሩሽ ይዞ ሊያግዘኝ ሲመጣ እጁን ያዝኩት። ክሮሙ ከአንድ ሺኛ ሚሊሜትር የሚያንስ ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው። አንዴ ከተቧጨረ በመወልወል አይመለስም። ጥቃቅኑን ዝገት ግን በውኃ በራሰ የአሉሚኒየም ፎይል አሸት አሸት ሳደርገው ለቀቀ።

በስተግራ ጥግ፣ ያኔ ቀለሙ እንዲይዝልኝ በብርጭቆ ወረቀት የፈተግኩት ቦታ ደብዝዞ ቀረ። ብዙም አይታይም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ማምሻውን አባባ ወጡ። ጎንበስ ብለው በክሮሙ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«ግራው ጥግስ?» አሉኝ።