ደሴ ታሽቶ ኮምቦልቻ መቅለጥ

ሌሊት አንገቴ ተጣሞ አደረ። ጠዋት አክስቴ ለቁርስ ስትጠራኝ ከወገቤ ጀምሬ ዞሬ «አቤት» አልኳት። አንድ ጊዜ አየችኝና ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወለምታውንና ቅጭቱን ይዞ የሚሄድላቸው ወጌሻ አሉ። ቡናው ገና ሳይፈላ ይዛቸው መጣች።

ወጌሻዋ በመጀመሪያ ዳሰሱኝ። «ወድቀህ ነበር? እጅህንስ ይደነዝዝሃል?» አልወደቅሁም፣ አይደነዝዘኝምም አልኩ። «አጥንት ቢሆን ኖሮ አልነካህም፤ ሐኪም ቤት ሂድ ነበር የምልህ። ይህ ጡንቻ ነው፣ አብሽር» አሉኝ። ከዚያ እርሳቸው «ቢስሚላህ»፣ አክስቴ «በስመ አብ» ብለው ቅቤው ተከፈተ። እኔ የጠበቅሁት ጣት የምታርስ ያህል ነበር። የመጣው ለአራስና ለሙሽራ ተርፎ ሚዜዎቹንም የሚያዳርስ ነው።

በእጃቸው ግን አልቀልድም። ከዚህ በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ ታሽቼ አውቃለሁ፤ ልጁ ዓይኑን ከግድግዳው ሰዓት ሳይነቅል እንደ ሊጥ አቡክቶኝ ሸኘኝ። እኚህ ሴት አይቸኩሉም። ከጆሮዬ ሥር ተነሥተው ትከሻዬ ጫፍ እስኪደርሱ አንድ ሙሉ ምርቃት ያልቃል። ፀጉር በሚያበቅለው ቆዳችን ውስጥ በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለሚጓዝ ለስላሳ ዳበሳ በተለይ የሚነቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ ለአንጎል የሚያደርሱት ወሬም «የት ጋ ተነካህ» ከሚለው ይልቅ «ደስ ይላል» ወደሚለው ያደላል። በ2021 የሕክምናው ኖቤል ሰውነታችን ሙቀትንና ንክኪን እንዴት እንደሚለይ ለደረሱበት ሁለት ተመራማሪዎች ተሰጠ። ሰኞ ገበያ ድረስ መጥቶ የጠየቀ ግን የለም።

«ልጄ፣ ይህን ትከሻ ሰው ከነካው ስንት ጊዜው ነው?» አሉ ወጌሻዋ ድንገት።

መልሱን እያሰብኩ ሳለ አክስቴ ከረከቦቱ ወዲያ ሆና «አላገባም እኮ!» ብላ ገላገለችኝ። የመጣው ዱዓ ከአንገቴ ይልቅ ለትዳሬ የረዘመ ነበር። ቡና ሊጠጡ የገቡት ጎረቤቶችም በአንድ ድምፅ «አሚን» አሉ።

እስከ በረካ ድረስ አንገቴ ተፈታ። ወጌሻዋ ሲነሡ «እስከ ማታ ውሃ እንዳይነካህ፤ ብርድ ይገባበታል» ብለው አዘዙ። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ሥራ እገባለሁ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ሚኒባሱ ሲነሣ ቅቤው ከሸሚዜ ሥር ረግቶ፣ ጨዋ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን መውረድ እንደጀመርን ቅቤውም አብሮን ወረደ፤ በአንዱ ጥምዝ ኮሌታዬ፣ በሚቀጥለው ጀርባዬ፣ በሌላው ክንዴ ራሰ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር እኔ በላስቲኩ ወንበር ላይ እየተንሸራተትኩ አጠገቤ ያሉት እናት ላይ አርፋለሁ።

«ይህ የጃማ ቅቤ ነው» አሉ ከኋላ አንድ አዛውንት፣ አየሩን ሳብ አድርገው።

«ኧረ የቦረና ነው አባባ፤ ጃማ እንዲህ አይሸትም» አለች ቅርጫት የታቀፈች ሴት። ሾፌሩ ደላንታ ነው ብሎ ገባበት። ሽማግሌው ዳኝነት ፈልገው ትከሻዬን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱ። ፈቃድ የጠየቀኝ የለም። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበለኝ ብሩ ከእጁ ሁለት ጊዜ አመለጠው።

መሥሪያ ቤታችን በር ላይ የምንፈርመው በጣት አሻራ ነው። መሣሪያው አውራ ጣቴን አላወቀውም፤ ሌባ ጣቴንም አላወቀም። ጥበቃው በሶፍት ጠረገኝ፣ በጋዜጣ ፈተገኝ፣ በመጨረሻ በራሱ ሸሚዝ ጫፍ ሞከረ። ሰዓቱ ሲያልፍ ተስፋ ቆርጦ የእጅ መዝገቡን አወጣና ስሜን ጻፈ፤ «የዘገየበት ምክንያት» በሚለው ረድፍም እኔን አንዴ ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎ «ቅቤ» ብሎ ሞላ።